ያለ ቀጣሪ የሚቀርብ የግሪን ካርድ ማመልከቻ፦ የከፈልሁበት የጠበቃ አገልግሎት ሲመዘን

አሜሪካ ውስጥ በፖስትዶክነት (ከዶክትሬት በኋላ ባለ ጊዜያዊ የምርምር ሥራ) የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ስለ ግሪን ካርድ ሲጠይቅ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው መልስ «መጀመሪያ ቋሚ ሥራ ያዝ፤ ከዚያ ቀጣሪህ ያመለክትልሃል» የሚል ነው። እኔም ይህን አምኜ ሁለት ዓመት ያህል ተቀምጫለሁ። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ኢቢ 2 በሚባለው፣ ማስተርስና ከዚያ በላይ ለተማሩ ሰዎች በተመደበው ዘርፍ ውስጥ፣ ሥራው ለአገሪቱ እንደሚጠቅም ማሳየት የሚችል ሰው የቀጣሪ ደብዳቤም ሆነ ፐርም የሚባለውን የሥራ ገበያ ማጣሪያ ሳይጠየቅ በራሱ ስም ማመልከት ይችላል። መንገዱ ናሽናል ኢንተረስት ዌቨር፣ ባጭሩ ኤንአይደብሊው ይባላል። በዚህ መንገድ ለማመልከት ለአንድ የኢሚግሬሽን ጠበቆች ድርጅት 6,500 ዶላር ከፍዬ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2024 ማመልከቻዬ ገብቶ፣ በጁን 2025 ተፈቅዶልኛል።

ድርጅቱን በስም አልጠራውም። የምነቅፈው አሠራር የእርሱ ብቻ ባለመሆኑ፣ ተመራማሪዎችን በሚያስተናግዱ በርካታ ጽሕፈት ቤቶች ዘንድ የተለመደ በመሆኑ፣ አንባቢው ማንኛውንም ድርጅት የሚመዝንበትን ነገር ማቅረቡ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ሙያዬ የስንዴ ዋግ ነው፤ በተለይም ግንዱን የሚያጠቃው። ድርጅቱ ነጻ ግምገማ እንደሚሰጥ ስላስታወቀ ሲቪዬንና የጎግል ስኮላር ገጼን ላክሁ፤ በሁለተኛው ቀን ፋይሌ ጠንካራ እንደሆነ የሚገልጽ መልስ፣ ካልተሳካም ገንዘቤ እንደሚመለስ ቃል ከሚገባ ውል ጋር ደረሰኝ። ያን ዕለት በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን መልሼ ሳነበው ግን ግምገማው የታተሙ ጽሑፎቼን፣ ሳይቴሽኖቼን (ሌሎች ጽሑፎቼን የጠቀሱበትን ብዛት) እና የገመገምኋቸውን የሌሎች ሰዎች ጽሑፎች ከመቁጠር በስተቀር፣ ከእንግዲህ ምን ልሠራ እንዳሰብሁ አንዲት ጥያቄ እንኳ አላቀረበልኝም። በኋላ የገጠመኝ ችግር ሁሉ ከዚህ የመነጨ ስለሆነ፣ ሕጉ በትክክል የሚጠይቀውን ማስረዳት ይኖርብኛል።

እስከ 2016 ድረስ መለኪያው በ1998 በኒውዮርክ ግዛት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ጉዳይ የተሰጠው ውሳኔ ነበር። ዲሴምበር 27 ቀን 2016 ዳናሳር በተባለ አመልካች ጉዳይ የተሰጠው ውሳኔ ያንን ሽሮ ሦስት መለኪያዎችን ተካ፦ አመልካቹ ሊሠራ ያሰበው ሥራ ቁም ነገር ያለውና አገር አቀፍ ጠቀሜታ ያለው መሆኑ፤ አመልካቹ ያንን ሥራ ወደፊት ለማራመድ የሚያስችል አቋም ላይ መገኘቱ፤ ሁሉም ነገር ሲመዘን የቀጣሪና የሥራ ገበያ ማጣሪያው ግዴታ ቢነሣለት ለአሜሪካ የሚበጅ መሆኑ። ውሳኔው አጭር ነው፤ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነም ማንም አውርዶ ሊያነበው ይችላል። እኔ ያነበብሁት ገንዘቡን ከከፈልሁ በኋላ መሆኑ ይቆጨኛል። ከሁሉ በላይ ዓይኔን የከፈተው ነጥብ ደግሞ የሚከተለው ነው፦ ዳናሳር ከድምፅ በብዙ እጥፍ ስለሚፈጥኑ በራሪ አካላት የሚመራመር መሐንዲስ ሲሆን፣ ምርምሩንም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማስተማሩንም እንደ ወደፊት ሥራው አቅርቦ ነበር። ውሳኔው ምርምሩ አገር አቀፍ ጠቀሜታ አለው ብሎ ሲቀበል፣ ማስተማሩ ግን ምንም ቁም ነገር ያለው ቢሆን እርሱ ባቀረበው ማስረጃ አገር አቀፍ ጠቀሜታ አለው ለማለት አይቻልም አለ። አንድ ሰው፣ አንድ ሲቪ ይዞ፣ በአንዱ ዕቅዱ አልፎ በሌላው አላለፈም ማለት ነው። ስለዚህ የሚመዘነው በመጀመሪያ ዕቅዱ ነው፤ የታተሙ ጽሑፎችና ሳይቴሽኖች የሚመጡት በሁለተኛው መለኪያ፣ ሰውየው ዕቅዱን ሊፈጽም መቻሉን ለማሳየት ነው።

ድርጅቱ ያዘጋጀው የማመልከቻ ደብዳቤ ሃያ ሁለት ገጽ ነበር። ከዚያ ውስጥ ስለወደፊት ሥራዬ የሚናገረው አንድ አንቀጽ ሲሆን፣ አመልካቿ በዕፅዋት በሽታ ላይ ምርምሯን እንደምትቀጥልና በዚህም የአሜሪካን የምግብ ዋስትና እንደምታጠናክር ይገልጽ ነበር። ይህ ዓረፍተ ነገር በበቆሎም ሆነ በድንች በሽታ ለሚሠራ ሰው ሳይለወጥ ሊሰጥ ይችላል። ይህንኑ በኢሜይል ጠቅሼ ስጠይቅ፣ ፋይሌን የያዘችው ረዳት ቅርጹ ለብዙ ሰዎች ተሞክሮ የሠራ መሆኑን ገልጻ አረጋጋችኝ፤ እኔም ከእኔ ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ ብዬ ፈረምሁ።

የድጋፍ ደብዳቤዎቹም የዚሁ ችግር ሌላ ገጽታ ነበሩ። አምስት ደብዳቤ ተፈልጎ ነበር፤ ሁለቱ አብረውኝ ከሠሩ፣ ሦስቱ በጽሑፎቼ ብቻ ከሚያውቁኝ ሰዎች። ድርጅቱ ረቂቁን ይጽፋል፤ ምሁሩ አንብቦ ይፈርማል። ይህ አሠራር የተለመደ ነው፤ ደብዳቤው ውስጥ ያለው እውነት እስከሆነና ፈራሚው እስካመነበት ድረስም ነውር አልለውም። ነገር ግን አራቱን ረቂቆች ጎን ለጎን ሳነብ በሦስቱ ውስጥ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር አገኘሁ፤ ጉዳዩን የሚያየው ባለሥልጣን ሦስቱንም በተከታታይ እንደሚያነብ ያሰበ ሰው አልነበረም። አምስተኛው ሰው፣ ጡረታ የወጡ አንጋፋ የዋግ ተመራማሪ፣ ያልጻፍሁትን ደብዳቤ አልፈርምም ብለው ራሳቸው ሁለት ገጽ ጻፉልኝ። ጽሑፋቸው ስለ እኔ ምስጋና እምብዛም የለበትም። ይልቁንም በላብራቶሪዬ የለየሁት የመቋቋም ባሕርይ የትኛውን የዋግ ዘር እንደሚመክትና ለምን እስከዚያ ጊዜ እንዳልተገኘ፣ ለሙያው እንግዳ ለሆነ ሰው በሚገባ ቋንቋ አብራርተዋል። ድርጅቱ አጭር ነው ብሎ ሊተወው የነበረው ደብዳቤ በመጨረሻ የፋይሉ ምሰሶ ሆነ።

ጃንዋሪ 2025 መጨረሻ ላይ አርኤፍኢ የሚባለው ተጨማሪ ማስረጃ መጠየቂያ መጣ። ዲግሪዬን ተቀብሏል፤ ሥራው ቁም ነገር ያለው መሆኑንም ተቀብሏል። ያልተቀበለው አገር አቀፍ ጠቀሜታውን ነው፤ የሙያው ዘርፍ አስፈላጊ መሆኑ ብቻ እንደማይበቃና አመልካቿ ራሷ ልትሠራ ያሰበችው ሥራ ምን እንደሆነ በዝርዝር መታየት እንዳለበት ገልጿል። ለመልሱ አሥራ ሁለት ሳምንት ተሰጠ። ድርጅቱ በሳምንቱ ስለ አሜሪካ የስንዴ ምርት አኃዝ የጨመረ አዲስ ረቂቅ ላከልኝ፤ ያም እንደገና ስለ ዘርፉ እንጂ ስለ እኔ ሥራ አልነበረም። በዚህ ጊዜ እምቢ አልሁ፤ ዋናውን ክፍል ራሴ ጻፍሁት።

የጻፍሁትን ባጭሩ ላስፍር፤ በሌላ ሙያ ያለ አንባቢም የራሱን ጉዳይ በዚህ መልክ ለማየት ይረዳው ይሆናል። የግንድ ዋግ ለአሜሪካ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ በ1916፣ በ1935 እንዲሁም በ1953 እና 1954 የሰሜኑን ሜዳዎች የስንዴ ማሳ አውድሟል። አገሪቱም ከ1918 ጀምሮ ዋጉ የሚራባበትን ባርቤሪ የተባለ ቁጥቋጦ ከየግዛቱ ለመንቀል ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ዘመቻ አካሂዳለች። ከዚያ በኋላ መቋቋም የሚችሉ ዝርያዎች ሲገኙ ሥጋቱ ጋብ አለ። በ1998 ግን ኡጋንዳ ውስጥ፣ ዩጂ99 ተብሎ የተሰየመው ዘር ለረጅም ጊዜ ይታመንበት የነበረውን የመቋቋም ባሕርይ ጥሶ ተገኘ፤ በነፋስም ወደ ኬንያ፣ ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ ሱዳንና ከቀይ ባሕር ማዶ ተሻገረ። እኛ አገር ደግሞ በፈረንጆቹ 2013 እና 2014 ከዩጂ99 ወገን ያልሆነ ሌላ ዘር ተነሥቶ፣ ገበሬው ተስፋ የጣለበትን ዲገሉ የተባለ ዝርያ በባሌና በአርሲ አጥቅቷል። ዋግ ድንበር አያውቅም፤ አሜሪካውያን የስንዴ አዳቃዮችም ይህን ስለሚያውቁ መስመሮቻቸውን (ገና በሙከራ ላይ ያሉ የስንዴ ዘሮቻቸውን) ወደ ኬንያ ንጆሮና ወደ ደብረ ዘይት የሙከራ ማሳዎች እየላኩ ሲያስፈትኑ ኖረዋል።

ከዚህ በኋላ የራሴን ሥራ አስቀመጥሁ፦ ከኢትዮጵያ ነባር የዱረም ስንዴ ዝርያዎች ውስጥ የለየኋቸውን የመቋቋም ባሕርያት በሰሜን አሜሪካ ወደሚዘራው የበልግ ስንዴ ለማሸጋገር፣ አዳቃዮች በቀላሉ የሚለዩበትን የዘረመል ምልክት ለማዘጋጀት፣ ዘሩንም ለሕዝብ የምርምር ተቋማት በነጻ ለመስጠት። የሦስት ዓመት የሥራ ሰሌዳ አያያዝሁ። መስመሮቼን በማሳው ላይ የዘራ አንድ የስንዴ አዳቃይ ለምን እንደሚፈልጋቸው የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ በምርምር ማዕከል ከሚሠሩ አንድ የቀድሞ ባልደረባዬም፣ ጋሼ ብዬ ከምጠራቸው ሰው፣ የመስክ ውጤቱን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ተጨመረ። ድርጅቱ በመጀመሪያው ዙር የውጭ አገር ሰው ስለሆኑ አይጠቅምም ብሎ የተወው ደብዳቤ ነው፤ የሙከራ ማሳው ያለው ግን እርሳቸው ዘንድ ነው።

እዚህ ላይ ለድርጅቱ የሚገባውን ምስጋና አልነፍግም። የጻፍሁትን ያነበቡት ዋናው ጠበቃ፣ እስከዚያ ቀን አግኝቻቸው የማላውቃቸው፣ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በስልክ አብረውኝ ተቀምጠው ከጽሑፉ አንድ ሦስተኛውን አስወገዱ፤ የቀረውንም እያንዳንዱን አባባል ከማስረጃ ቁጥር ጋር አሰሩት፤ ማስረጃ የሌለውን፣ ምንም እውነት ቢሆን፣ አስወጡት። የሳይንስ ጽሑፍ ለባልደረባ ይጻፋል፤ የሕግ ማመልከቻ ደግሞ ጉዳዩን ጨርሶ ለማያውቅና በማስረጃ ብቻ ለሚፈርድ ሰው ይጻፋል። ይህን ልዩነት ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። ከከፈልሁት ገንዘብ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተገቢ ነበር የምለውም ያን ሰዓት ተኩል ነው፤ ቅሬታዬ በመጨረሻ ሳይሆን በመጀመሪያ መምጣት የነበረበት መሆኑ ነው።

በቅጾቹ በኩል ሥራቸው እንከን የለውም። አይ 140 የተባለው ዋና ቅጽ ክፍያ ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 ጀምሮ 715 ዶላር ነው። በዚያው ቀን የተጀመረው የአሳይለም ፕሮግራም (የጥገኝነት ጠያቂዎች ጉዳይ ማስፈጸሚያ) ክፍያ በሙሉ ዋጋው 600 ዶላር ሲሆን፣ በራሱ ስም የሚያመለክት ሰው የሚከፍለው 300 ነው። ክፍያዎቹን አደባልቆ ወይም የተሳሳተ መጠን የላከ ሰው ማመልከቻው ሳይታይ ይመለስበታል። ኢቲኤ 9089 ከተባለው የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ቅጽ የሚሞላው አባሪም የትኛው እንደሆነ ያውቁ ነበር። ውሳኔውን በ45 የሥራ ቀናት ውስጥ ለማግኘት ያኔ 2,805 ዶላር የነበረውን የፕሪሚየም ክፍያ ጨምሬ ነበር፤ ሆኖም አርኤፍኢ ሲመጣ ቆጠራው ይቆማል፤ መልሱ ሲገባ ከአንድ ይጀምራል። ፕሪሚየም የሚያፋጥነው ውሳኔውን እንጂ ግሪን ካርዱን አለመሆኑን ግን ከድርጅቱ ማንም ግልጽ አላደረገልኝም፤ ወረፋ ላለበት ሰው ጥቅሙ ምን ያህል እንደሆነ ቢነገረኝ ኖሮ ምናልባት ባልከፈልሁ ነበር።

ይበልጥ የጎዳኝ ሌላ ነገር አለ። ባመለከትሁበት ጊዜ የነበርሁት በተማሪ ቪዛ፣ ከምርቃት በኋላ በሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ላይ ነው፤ የፓስፖርቴ ቪዛ ግን አልፎበት ነበር። ለእህቴ ሠርግ አዲስ አበባ ደርሼ ልመለስ አስቤ ድርጅቱን ስጠይቅ ረዳቷ ችግር የለውም አለችኝ። ቲኬት ልቆርጥ ስል የዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ባልደረባ አስቆመችኝ፤ በቪዛ ማመልከቻው ቅጽ ላይ የኢሚግራንት (የቋሚ መኖሪያ) ማመልከቻ ቀርቦልህ ያውቃል ወይ የሚል ጥያቄ እንዳለ፣ የተማሪ ቪዛ የሚሰጠው ደግሞ ወደ አገሩ ለመመለስ ላሰበ ሰው ስለሆነ ቆንስላው ሊከለክለኝ እንደሚችል አስረዳችኝ። ሠርጉን በስልክ አየሁት። ኤች 1ቢ የተባለውን የሥራ ቪዛ የያዘ ሰው እንዲህ ያለ ችግር የለበትም፤ ኤፍ 1 (የተማሪ) ወይም ጄ 1 (የልውውጥ ፕሮግራም) ቪዛ የያዘ ግን ከማመልከቱ በፊት የጉዞውን ነገር ማሰብ አለበት። ይህን ሳይጠየቅ መንገር የጠበቃ ግዴታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ ረገድ አገልግሎቱን ዝቅተኛ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

የአይ 140 መፈቀድ በራሱ የመኖሪያም የመሥሪያም መብት አይሰጥም። በ2022 መጨረሻ በኢቢ 2 ውስጥ ለኢትዮጵያውያንም ወረፋ ስለተጀመረ፣ ወረፋ ባለበት ጊዜ ሁሉ ማመልከቻው የገባበት ቀን በየወሩ በሚወጣው የቪዛ ቡለቲን ላይ እስኪደርስ ድረስ በሌላ ሕጋዊ ቪዛ መቆየት ያስፈልጋል፤ ይህን ስጽፍ እኔም እየጠበቅሁ ነው። በፉልብራይት ወይም በሌላ የመንግሥት ገንዘብ በጄ 1 የመጣ ተመራማሪ ደግሞ የሁለት ዓመት የመመለስ ግዴታ አለበት፤ ኤንአይደብሊው ይህን አያነሣም። ከኢትዮጵያ ሆኖ ለሚያመለክት ሰው ሌላም እንቅፋት መጥቷል፤ በጃንዋሪ 2026 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለ75 አገሮች ዜጎች በቆንስላ የኢሚግራንት (የቋሚ መኖሪያ) ቪዛ መስጠትን ሲያቆም ኢትዮጵያ ከዝርዝሩ ውስጥ ነበረች።

ይህም ሆኖ መንገዱ ራሱ፣ ማለትም ያለ ቀጣሪ ማመልከት፣ ለተመራማሪ ያለው ዋጋ ትልቅ ነው። መልሴን በማዘጋጅበት ወር የፕሮጀክታችን ገንዘብ በድንገት ተቋረጠ፤ ሦስት ባልደረቦቼ ሥራ አጡ፤ የእኔም ውል አጠረ። ማመልከቻዬ በቀጣሪ ስም ቢሆን ኖሮ አብሮ ይሞት ነበር። በራሴ ስም ስለነበር ወደ ሌላ ላብራቶሪ ተዛውሬ፣ ሥራው ያው የስንዴ ዋግ እስከሆነ ድረስ፣ ጉዳዬ ቀጠለ።

ከአሜሪካ ውጭ ለሚያስቡ፣ የብሪታንያው ግሎባል ታለንት ቪዛ ከፌብሩዋሪ 2020 ጀምሮ ያለ ቀጣሪ ይሰጣል፤ ለሳይንስ ሰዎች እንደ ሮያል ሶሳይቲ ያሉ ተቋማት ድጋፍ ይጠየቅበታል። ካናዳም በፌደራል ስኪልድ ወርከር ፕሮግራሟ ከመቶ 67 ነጥብ ያገኘ ሰው ያለ ሥራ ጥሪ ኤክስፕረስ ኤንትሪ ወደሚባለው የእጩዎች መዝገብ እንዲገባ ትፈቅዳለች፤ ከማርች 25 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ በኤክስፕረስ ኤንትሪ ደረጃ አሰጣጥ ለሥራ ጥሪ ይሰጥ የነበረውን ተጨማሪ ነጥብ ስላስቀረች የቀጣሪ ደብዳቤ የያዘው ሰው ብልጫ ቀንሷል። ድርጅቱ በተጨማሪ ክፍያ ሊሸጥልኝ የሞከረው ኢቢ 1ኤ የሚባለው ምድብም ቀጣሪ አይጠይቅም፤ ከአሥር መስፈርቶች ቢያንስ ሦስቱን ማሟላት፣ ከዚያም በሙያው አናት ላይ ከሚገኙት ጥቂቶች አንዱ መሆንን ማሳየት ግን ይፈልጋል። ገና ከፖስትዶክ ያልወጣ ሰው ለዚህ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ሁለት ጊዜ ቢያስብ እመክራለሁ።

ስለ ውሉ አንድ ነገር ልጨምር። ገንዘብ ይመለሳል የሚለው ቃል የመንግሥት ክፍያዎችን አይጨምርም፤ ደንበኛው የጽሑፉን ይዘት በራሱ ፈቃድ ከለወጠም ዋስትናው ይቀራል የሚል አንቀጽ በአሥራ አንደኛው ገጽ ላይ አለ። የአርኤፍኢውን መልስ ራሴ ስጽፍ ያንን ዋስትና በፊርማዬ ትቻለሁ። ስለዚህ ይህን አገልግሎት ለማን እመክራለሁ ብባል፣ ቅጽ ለመሙላትና ማስረጃ ለመደርደር ጊዜ ለሌለው፣ ዕቅዱን ግን አስቀድሞ በሁለት ገጽ ለጻፈ ሰው እመክራለሁ። ያንን ያልጻፈ ሰው 6,500 ዶላር ከመክፈሉ በፊት የዳናሳርን ውሳኔ ያንብብ፤ ከዚያም ጽሑፉን የሚያርምለት ጠበቃ በሰዓት ክፍያ ይፈልግ፤ ውል ከመፈረሙ በፊትም ፋይሉን ራሱ የሚያነበው ጠበቃ ማን እንደሆነ በስም ጠይቆ፣ ከእርሱ ጋር በቀጥታ ይነጋገር።